የጎንደር ብራናዎች የሚገኙበት የኦክስፎርዱ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት

ኦክስፎርድ የሚለው የእንግሊዝ ከተማ ስም በአገሩ ጥንታዊ ቋንቋ “የበሬዎች መልካ” ማለት ነው። ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ከመሆኗ በፊት ወንዙ ሳስቶ ከብት የሚሻገርበት ስፍራ ነበረች። ዛሬም በከተማዋ ዓርማ ላይ ውኃ የሚሻገር በሬ ተስሎ ይታያል። ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች የበሬ መልካ በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት የትምህርት ከተሞች አንዷ ናት። በመካከሏ የቆመው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍትም ከ13 ሚሊዮን የሚበልጡ የታተሙ ጽሑፎችን የያዘ፣ በአውሮፓ ካሉት ጥንታውያን ቤተ መጻሕፍት መካከል የሚቆጠር ነው።

ስለዚህ ቤት መጻፍ ያስፈለገው በትልቅነቱ ብቻ አይደለም። ከ250 ዓመታት በፊት ከጎንደር የወጡ የግእዝ ብራናዎች ያሉት እዚያ ነው። አውሮፓውያን ለዘመናት “ጠፋ” ሲሉት የኖሩት መጽሐፈ ሄኖክ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውም በዚሁ ቤት ከተቀመጠ ብራና ነው። ልጁን ለትምህርት ወደ እንግሊዝ የላከ ወላጅም ሆነ በዚያ አገር የሚኖር የጎንደር ተወላጅ ቤቱን ለማየት ቢያስብ፣ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤቱ የመጀመሪያ ታሪክ የጥፋት ታሪክ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ሄንሪ 5ኛ ወንድም የነበረው የግሎስተሩ መስፍን ሃምፍሪ ከ280 የሚበልጡ የእጅ ጽሑፎችን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። ቀድሞ የነበረው ክፍል ይህን ሁሉ ሊይዝ ስላልቻለ፣ ያን ጊዜ በመሠራት ላይ ከነበረው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በላይ አንድ ፎቅ ተጨምሮ በ1488 ለንባብ ተከፈተ። ይህ ቤት ግን ብዙ አልቆየም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከሮም በተለየችበት የሃይማኖት ለውጥ ዘመን፣ በ1550፣ ከኮሌጆቹ የአንዱ አለቃ የካቶሊክን ርዝራዥ አጠፋለሁ ብሎ መጻሕፍቱን ከመደርደሪያ አስወረደ። ከፊሎቹ ተቃጠሉ፣ ሌሎቹም የትም ተበተኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የንባብ ጠረጴዛዎቹ ሳይቀሩ ተሸጡ። ሃምፍሪ ከሰጣቸው መጻሕፍት ዛሬ በዚያ ቤት የሚገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ባዶውን ቤት ያነሣው ቶማስ ቦድሊ ነው። ቦድሊ በኦክስፎርድ ተምሮ ያስተማረ፣ በኋላም የንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ መልእክተኛ ሆኖ በውጭ አገር ያገለገለ ሰው ነበር። ያገባት ሴት በዓሣ ንግድ የበለጸገ ነጋዴ የሞተባት ባለጸጋ ስለነበረች፣ ቤተ መጻሕፍቱ የቆመው በዓሣ ገንዘብ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም። በ1598 ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጽፎ ቤቱን በራሱ ወጪ አድሳለሁ አለ፤ 2,000 ያህል መጻሕፍትም ተሰብስበው ኅዳር 8 ቀን 1602 በሩ እንደ ገና ተከፈተ። በ1605 የመጻሕፍቱ ዝርዝር ታትሞ ወጣ።

ቦድሊ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ እጅግ ሩቅ ያሰበው በ1610 ያደረገው ውል ይመስለናል። በዚያ ዓመት ከለንደን የአታሚዎችና መጻሕፍት ሻጮች ማኅበር ጋር ተስማምቶ፣ ማኅበሩ ከሚመዘግበው መጽሐፍ ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ለኦክስፎርድ እንዲገባ አደረገ። ውሉ ውሎ አድሮ በሕግ ጸና። ቦድሊያን ዛሬም በብሪታንያና በአየርላንድ የሚታተመውን ሁሉ የመቀበል መብት ካላቸው 6 ቤተ መጻሕፍት አንዱ ነው። አንድ ጊዜ የተለገሰ ገንዘብ ያልቃል፤ በየዓመቱ የሚገባ አስራት ግን ቤት ያቆማል። በየወረዳው በአንድ ሰሞን ልገሳ ተከፍተው መደርደሪያቸው ከዚያ ወዲህ አንድም መጽሐፍ ያልተጨመረበትን የንባብ ቤቶች ለሚያውቅ ሰው ይህ የቦድሊ ውል ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ቤቱን ሊያይ የመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚገባው አራት ማዕዘን ወዳለው ግቢ ነው። በዙሪያው ያሉት በሮች በላያቸው ላይ በላቲን የትምህርት ዓይነቶች ስም ተጽፎባቸዋል፤ ጥንት እያንዳንዱ በር ወደ አንድ የትምህርት ክፍል ያስገባ ነበር። ከግቢው ወደ ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ይገባል። ይህ ክፍል የንባብ ቤት አይደለም፤ ተማሪዎች ቆመው ክርክር የሚገጥሙበት የፈተና አዳራሽ ነበር። ጣሪያው ከድንጋይ የተቀረጸ ሆኖ እንደ ዘንባባ ቅጠል የተዘረጋ ነው። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ወጪ ያወጡ ሰዎች ዓርማና የስማቸው ፊደላት በ455 ቅርጾች ተቀርጸዋል። ሃሪ ፖተር የተባለው ፊልም የሐኪም ቤት ትዕይንቶች የተቀረጹት በዚህ አዳራሽ በመሆኑ፣ ወጣት ጎብኚዎች ክርክሩን ትተው ስለ ፊልሙ ይጠይቃሉ።

ከዚያ በላይ ያለው ፎቅ የመስፍን ሃምፍሪ ቤተ መጻሕፍት ነው። በጣሪያው እንጨት ላይ የዩኒቨርሲቲው ዓርማ ደጋግሞ ተስሏል፤ ከግራና ከቀኝ ደግሞ እስከ ላይ በመጻሕፍት የተሞሉ የእንጨት መደርደሪያዎች ቆመዋል። ትልልቆቹ መጻሕፍት እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በብረት ሰንሰለት ከመደርደሪያው ጋር ታስረው ነበር። ሰንሰለቱ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ እንዲዘረጋ ያህል ብቻ ይረዝማል፤ ላም በካስማ ታስራ የምትደርስበትን ሣር ብቻ እንደምትግጥ ማለት ነው። በዚህ ክፍል እስከ 1845 ድረስ ማሞቂያ፣ እስከ 1929 ድረስ ደግሞ ሰው ሠራሽ መብራት አልነበረም። በዚያ ብርድ አገር ሰው ጣቱ ደርቆ ያነብ የነበረው በእሳት ፍራቻ ነው።

የእሳት ፍራቻው እስከ ዛሬ በመሐላ ይገለጣል። ቦድሊያን ውስጥ ለማንበብ የሚመዘገብ ሁሉ ቃል ይገባል፦ መጽሐፍ እንዳያወጣ፣ እንዳይጽፍበትና እንዳያበላሽ፣ ወደ ቤቱ እሳት እንዳያስገባና በውስጡም እንዳያነድድ፣ ትንባሆም እንዳያጨስ፣ የቤቱንም ደንብ እንዲያከብር። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው ቃሉ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ተዘጋጅቷል። በእኛም አገር የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን ሰው በግዝት ማሰሩ የታወቀ ነው። የእኛ ግዝት መጽሐፉ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል፤ የእነርሱ በአንባቢው አፍ ይነገራል። ፍርሃቱ ግን አንድ ነው።

ደንቡ ለማንም አይላላም። በ1645 ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት መቀመጫውን ኦክስፎርድ አድርጎ ሳለ አንድ መጽሐፍ እንዲላክለት አዘዘ። የቤቱ ኃላፊ መጽሐፍ አይወጣም የሚለውን ደንብ ይዞ ቀረበ፤ ንጉሡም ደንቡን ተቀብሎ ትእዛዙን ተወ። ንጉሡ በሞት ከተቀጣ በኋላ አገሩን የገዛው ኦሊቨር ክሮምዌል በ1654 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲያቀርብ የተሰጠው መልስ ያው ነበር። ሁለት እርስ በርሳቸው የተዋጉ ወገኖች መሪዎች በአንድ በር ላይ እኩል ተመልሰዋል።

ሆኖም የቤቱ ጠባቂዎች ራሳቸው ያጠፉበት ጊዜ አለ። የታዋቂው ጸሐፌ ተውኔት የሼክስፒር ሥራዎች በአንድነት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1623 ሲታተሙ አንድ ቅጂ ገብቶ ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን አዲስ እትም ሲወጣ አሮጌው አያስፈልግም ተብሎ ተሸጠ። ከ200 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1905 አንድ ተማሪ አባቱ ቤት የነበረ አሮጌ መጽሐፍ ጥገናውን ሊያማክር ይዞ ቢመጣ፣ ሠራተኞቹ የቀድሞ መጽሐፋቸው መሆኑን ለዩት። መልሶ ለመግዛት 3,000 ፓውንድ ከሕዝብ መዋጮ መሰብሰብ አስፈልጓል።

ከግቢው ወጥቶ ጥቂት እርምጃ የሄደ ጎብኚ ራድክሊፍ ካሜራ የተባለውን ክብ ሕንጻ ያያል። ካሜራ እዚህ ላይ የፎቶግራፍ መሣሪያ አይደለም፤ በላቲን ክፍል ማለት ነው። ጆን ራድክሊፍ የተባለ ሐኪም በተናዘዘው 40,000 ፓውንድ ከ1737 እስከ 1749 ተሠራ። ከሥሩም ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጻሕፍት ማከማቻ ተቆፍሯል። በመንገድ ማዶ ያለው ዌስተን የተባለው ሕንጻ የብርቅዬ መጻሕፍትና የብራናዎች መኖሪያ ነው። በ1946 ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ መርቆ ሊከፍተው ሲል ቁልፉ በበሩ ውስጥ እንደ ተሰበረ ይነገራል። ከታደሰ በኋላ በ2015 የምድር ቤቱ አዳራሽና የዐውደ ርእይ ክፍሎቹ ለማንም ሰው በነጻ ክፍት ሆኑ።

በኦክስፎርድ የሚታየው ግን የክምችቱ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። በየዓመቱ የሚገባው መጽሐፍ ቦታ ስላጣበበ ትልቅ ማከማቻ በዚያው በከተማዋ ወንዝ አጠገብ ለመሥራት ታስቦ ነበር። ዕቅዱ ግን ፈቃድ ሳያገኝ ቀረ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የጎርፍ ሥጋት ነው። የበሬ መልካ ለበሬ ይመቻል እንጂ ለወረቀት አይመችም። ስለዚህ ማከማቻው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስዊንደን በተባለች ከተማ አቅራቢያ ተሠርቶ በ2010 ተከፈተ። የመደርደሪያዎቹ ርዝመት ቢቀጣጠል 246 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ ጥራዞችንም ይይዛል።

እህል ያከማቸ ገበሬ የዚህን ቤት አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። ጎተራ የሚፈራውን ሁሉ ይህ ቤትም ይፈራል፤ ርጥበት፣ ሙቀት፣ ተባይ፣ እሳት። አየሩ ቀንና ሌሊት ተለክቶ በአንድ ሙቀትና በአንድ ርጥበት ይያዛል። መጻሕፍቱ የተደረደሩት በይዘታቸው ሳይሆን በቁመታቸው ነው። የእርሻ መጽሐፍ ከግጥም መጽሐፍ አጠገብ ቢቀመጥ ግድ የለም፤ እኩል ከሆኑ ቦታ አያባክኑም። እያንዳንዱ ጥራዝ በማሽን የሚነበብ መለያ ስላለው በኮምፒዩተር ይፈለጋል፣ ሠራተኛውም በሚወጣና በሚወርድ ተሽከርካሪ ቆሞ ከላይኛው መደርደሪያ ያወርደዋል። በመኪና ተጭኖም ወደ ኦክስፎርድ የንባብ አዳራሾች ይላካል።

ወደ ጎንደር እንመለስ። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በ1769 ምጽዋ ደርሶ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ። ዘመኑ የዐፄ ተክለ ሃይማኖት 2ኛ ሲሆን፣ ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ብሩስ በቁስቋም ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ የያዛቸውን በማከሙ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በወይዘሮ አስቴር ዘንድ ተወዳጅነትን አገኘ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በስናር በኩል ወጣ።

የተጓዘው ለምንጩ ብቻ አልነበረም። ጤፍን፣ እንሰትንና ኮሶን አሳይሎ በመጽሐፉ አውጥቷል። ለተቅማጥ መድኃኒት ያገኘው ዋጊኖስ ዛሬ በሳይንስ ዓለም የሚጠራው በእርሱ በብሩስ ስም ነው፤ ለዘመናት መድኃኒትነቱን ያወቀው ሰው ስም ግን በየትኛውም መዝገብ አልገባም። ከዕፅዋቱ ጋር የግእዝ ብራናዎችን ሰበሰበ። ከእነርሱም የነገሥታቱ ዜና መዋዕሎች፣ ክብረ ነገሥትና ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይገኙበታል።

መጽሐፈ ሄኖክ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ጋር ሲቆጠር፣ ሲገለበጥና ሲነበብ ኖሯል። በአውሮፓ ግን የቀረው ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። የፈረንሳይ ሊቃውንት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ ሄኖክን አገኘን ብለው ተደስተው ነበር። ግእዝን ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ መጽሐፉን ገልጦ ሲያየው ግን ጨርሶ ሌላ መጽሐፍ ሆኖ አገኘው። ብሩስ ካመጣቸው ሦስት ቅጂዎች አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ፣ አንዱን ለቦድሊያን ሰጠ፤ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ሪቻርድ ሎረንስ የተባለው ምሁር የቦድሊያኑን ቅጂ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1821 አሳተመ። ብሩስ ከሞተ በኋላ በቤተሰቡ እጅ የቆዩትን ብራናዎች ቦድሊያን በ1843 ገዛቸው። ጀርመናዊው አውግስጦስ ዲልማን ደግሞ በቤቱ ያሉትን የግእዝ መጻሕፍት መርምሮ ዝርዝራቸውን በ1848 አወጣ። በኋላ ዲልማን የጻፋቸው የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ዛሬም ተመራማሪዎች የሚጠቅሷቸው ናቸው። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ የአረማይክ ቁርጥራጮች የተገኙት ከዚህ ሁሉ በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ሙሉው መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው ብራናዎች አብዛኞቹ ያሉት በለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ነው። የብሩስ ብራናዎች በጦር አልተወሰዱም፤ እርሱ ራሱ እንደሚለው በስጦታ፣ በግዢና በማስገልበጥ ያገኛቸው ናቸው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መናገር የመቅደላውን ዘረፋ ያቀልለዋል እንጂ አያከብደውም። ለብሩስ ብራናዎች የሚቀርበው ጥያቄ የይመለሱልን ሳይሆን የይነበቡልን ጥያቄ ነው፤ የጎንደርን ዜና መዋዕል ለማጥናት የጎንደር ተማሪ ኦክስፎርድ መሄድ አለበት ወይ የሚል።

መልሱ ከቀድሞው ተስፋ ሰጪ ነው። ቤቱ ከክምችቱ ከፊሉን ፎቶግራፍ አንሥቶ በድረ ገጹ በነጻ ለሁሉም ክፍት አድርጓል፤ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ሰው ከየትም ሆኖ ማየት ይችላል። ፎቶግራፍ ያልተነሣውን ብራና በእጁ ገልጦ ማየት የሚሻ ተመራማሪ ደግሞ የአንባቢነት ካርድ ማውጣት አለበት። ለዚህም ማንነቱን የሚገልጽ ሰነድ ይዞ፣ የትኛውን ጽሑፍ ለምን እንደሚፈልግ አስረድቶ፣ ከላይ የተጠቀሰውን ቃል መግባት ይጠበቅበታል። ብራና በሚነበብበት ክፍል በእርሳስ እንጂ በብዕር መጻፍ አይፈቀድም። መጽሐፉ ጀርባው እንዳይሰበር በለስላሳ ድጋፍ ላይ ይዘረጋል። ብራና ቆዳ ነውና፣ የጎንደሩ ብዙውን ጊዜ የፍየል፣ የአውሮፓው የጥጃ ወይም የበግ፣ ርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቆዳ ያለፋ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ለማንበብ ሳይሆን ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው ካርድ አያስፈልገውም። አሮጌዎቹ ክፍሎች በአስጎብኚ መሪነት፣ በክፍያ፣ በተወሰነ ሰዓት ይታያሉ። በተማሪዎች የፈተና ወቅትና የምረቃ ሥነ ሥርዓት ባለበት ቀን አንዳንዶቹ ክፍሎች ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ ከለንደን ባቡር ከመሳፈር በፊት የዕለቱን ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ማረጋገጥና ቲኬቱን አስቀድሞ መቁረጥ ይሻላል። ገንዘብ ማውጣት ያልፈለገ ወደ ዌስተን ሕንጻ ይግባ፤ በዚያ ያለው ዐውደ ርእይ በየጊዜው ይቀያየራል፣ መግቢያውም በነጻ ነው። የግእዝ ብራናዎቹ ዘወትር ለዕይታ የሚቀርቡ አይደሉም፤ አንዱን በዓይኑ ለማየት የሚሻ ሰው ሳምንታት ቀደም ብሎ ለቤቱ የምሥራቅ ጽሑፎች ክፍል መጻፍ፣ በደብዳቤውም የብራናውን ስምና በዝርዝሩ ላይ የተሰጠውን ቁጥር መግለጽ ይኖርበታል።